አይጧን ማሞቅ፦ የአንዲት ትንሽ መሣሪያ ረጅም ታሪክ

ደጋግማችሁ በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ አንድ ጽሑፍ አለ። «ካንሰር ሙቀት አይችልም፤ ሙቅ ውሃ ጠጡ፣ መድኃኒቱን ተዉት» ይላል። ከሥሩ «ቲቸር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አጭሩ መልስ ይኸው፦ ሙቅ ውሃ ጠጥቶ ከካንሰር የሚድን ሰው የለም፤ የታመመ ዘመድ ካላችሁ ሕክምናውን እንዳያቋርጥ ንገሩት። ረጅሙ መልስ ግን ሌላ ነው። ውሸቱ የተንጠላጠለበት አንድ እውነት አለ። እውነቱም ከ150 ዓመት በላይ የፈጀ፣ ጦርነት፣ ራዳር፣ በረዶ የሆኑ ሃምስተሮችና ብዙ ሺህ አይጦች ያሉበት ታሪክ ነው። የታሪኩ መጨረሻ ላይ የምናገኘው አንዲት የጣት ያህል መሣሪያ ነው፤ የአይጥን ዕጢ በማይክሮዌቭ እያሞቀች፣ ምን ያህል እንደሞቀ በኤምአርአይ የምታሳይ። ዛሬ እሷን ላውራላችሁ። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ረዘም ይላል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ሙቀት ዕጢን ሊጎዳ እንደሚችል መጀመሪያ የጠቆመው ሐኪም ሳይሆን በሽታ ነው። በ1866 ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ቪልሄልም ቡሽ፣ ፊቱ ላይ ዕጢ የነበረበት በሽተኛ ኤሪሲፔላስ የሚባለው የቆዳ ኢንፌክሽን ይዞት በኃይል ካተኮሰው በኋላ ዕጢው መጥፋቱን ጻፈ። በ1890ዎቹ ደግሞ የኒውዮርኩ ቀዶ ሐኪም ዊልያም ኮሊ ይህንኑ ሆን ብሎ መሞከር ጀመረ፤ በሽተኞቹን በባክቴሪያ እያስተኮሰ። አንዳንዶቹ ተሻላቸው፣ አንዳንዶቹ በኢንፌክሽኑ ሞቱ። ዛሬ የኮሊ ውጤት በአብዛኛው ከሰውነት የመከላከል አቅም ጋር ይያያዛል፤ በዚያ ዘመን ግን ብዙዎች የተመለከቱት ትኩሳቱን ነበር።

እኛ አገር ወባን የማያውቅ የለም፤ እስቲ ይህን ስሙ። በ1917 የቪየናው ሐኪም ዩሊዩስ ቫግነር ያውሬግ ቂጥኝ አእምሯቸውን የጎዳባቸውን ሰዎች ሆን ብሎ በወባ አስያዛቸው። ትኩሳቱ ደጋግሞ ከወጣላቸው በኋላ በኪኒን ወባውን ያጠፋዋል። በዚህ ሥራው በ1927 ኖቤል ተሸለመ። ፔኒሲሊን መጥቶ ነገሩን ሁሉ ከንቱ እስኪያደርገው ድረስ «ትኩሳት መድኃኒት ነው» የሚለው ሐሳብ በትልልቅ ሆስፒታሎች ሠርቷል።

ነገር ግን ትኩሳት መላ ሰውነትን ነው የሚያሞቀው። ዕጢው ያለው አንድ ቦታ ነው። ስዊድናዊው ፍራንስ ቬስተርማርክ በ1898 የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ላይ ሙቅ ውሃ የሚዘዋወርበት መሣሪያ አስጠግቶ ሲያክም፣ ጥያቄው ከሕክምና ወደ ምህንድስና ተዛወረ፦ *ሙቀቱን ዕጢው ጋ እንዴት ታደርሰዋለህ? ሌላውን ሳታቃጥል?* ከዚያ ቀን ወዲህ ያለው ታሪክ በሙሉ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ችግሩን ምጣድ አጠገብ የተቀመጠች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። እሳቱ ከበዛ እንጀራው ከሥር ያራል፣ ከላይ ሊጥ ነው። ሙቀት ከውጭ ሲመጣ ወደ ውስጥ የሚገባው በዝግታ ነው፤ ቆዳው ተቃጥሎ ሦስት ሴንቲሜትር ገባ ያለው ዕጢ ገና ለብ አላለም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ከውጭ የሚገፋ ሙቀት ሳይሆን፣ ውስጥ ገብቶ እዚያው ሙቀት የሚሆን ነገር ነው።

ያ ነገር የመጣው ከጦርነት ነው። በየካቲት 1940 በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት የሚባሉ ሁለት የፊዚክስ ሰዎች ካቪቲ ማግኔትሮን የሚባለውን ቱቦ አስነሱት። አሥር ሴንቲሜትር አካባቢ የሞገድ ርዝመት ያለው ብርቱ ማይክሮዌቭ ከአንዲት መዳፍ ላይ ከምትቀመጥ መዳብ ወጣ። ዓላማው ራዳር ነበር፤ በሌሊት የሚመጣን አውሮፕላን ማየት። በዚያው ዓመት መስከረም እንግሊዞች አንዱን በምስጢር ወደ አሜሪካ ወሰዱት። ጦርነቱ ሲያልቅ የሬይቲዮን ኩባንያው ፐርሲ ስፔንሰር በዚሁ ማግኔትሮን ምግብ ለማብሰል የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ ዛሬ ኩሽናችሁ ውስጥ ያለው የዚያ ልጅ ነው። (ተማሪዎቼ ታስታውሱ እንደሆነ፣ «2.45 ጊጋኸርዝ ውሃ ልዩ በሆነ መንገድ የሚንቀጠቀጥበት ፍሪኩዌንሲ ነው» የሚለው ወሬ ተረት ነው። ውሃ ማይክሮዌቭን በሰፊ የፍሪኩዌንሲ ክልል ይመጣል፤ ከፍተኛው ደግሞ 20 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። 2.45 የተመረጠው የሬዲዮ ግንኙነትን ሳይረብሽ ለኢንዱስትሪና ለሕክምና እንዲውል በስምምነት ስለተሰጠ ነው።)

ሐኪሞቹም አልዘገዩም። በሜዮ ክሊኒክ ፍራንክ ክሩሰንና ባልደረቦቹ ራዳሩን ወደ ሕክምና አምጥተው፣ በውሾች ላይ ሞክረው፣ በ1947 ማይክሮዌቭ ሥጋን ከውስጥ ማሞቅ እንደሚችል አሳወቁ። ወዲያው ግን ማስጠንቀቂያም መጣ። በ1948 በማይክሮዌቭ የተመቱ ጥንቸሎች ዓይን ላይ ሞራ መታየቱ ተዘገበ። የዓይን ሌንስ የደም ሥር የለውም፤ ሙቀቱን አጥቦ የሚወስድለት ደም ስለሌለ ይቆላል። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፦ አንድ ሥጋ ምን ያህል ይሞቃል የሚለውን የሚወስነው የሚገባው ኃይል ብቻ አይደለም፤ ደሙ የሚወስደውም ነው። በዚሁ በ1948 ሃሪ ፔንስ የሚባል ተመራማሪ የሰዎችን ክንድ ሙቀት ለክቶ ይህንን በእኩልታ ጻፈው፤ ዛሬም ማሞቂያ የሚነድፍ ሁሉ የሚጀምረው ከፔንስ እኩልታ ነው።

አሁን ወደ እንስሳቱ እንምጣ። ትንሽ እንስሳን በማይክሮዌቭ በጥንቃቄ ከማሞቅ ታሪክ ውስጥ እኔ በጣም የምወደው ከካንሰር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ለንደን ዳርቻ ሚል ሂል በሚባል ሰፈር በነበረው ብሔራዊ የሕክምና ምርምር ተቋም፣ በ1950ዎቹ ኦድሪ ስሚዝና ባልደረቦቿ ሕያው ነገርን አቀዝቅዞ መልሶ ማስነሳት ያጠኑ ነበር። ሃምስተር ታውቃላችሁ? ጭራዋ አጭር፣ ጉንጯ ከረጢት የሆነች የአይጥ ዘመድ ናት። ሃምስተሮቹን ከዜሮ ዲግሪ በታች ያወርዷቸዋል፤ ልብ ይቆማል፣ ትንፋሽ ይቆማል፣ ከሰውነቷ ውሃ ከፊሉ በረዶ ይሆናል። ከዚያ መልሶ ማስነሳት። ግን እንዴት? ሙቅ ውሃ ውስጥ ብትነክራት መጀመሪያ የሚሞቀው ቆዳዋ ነው። የሞቀ ቆዳ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ደም የሚገፋው ልብ ግን ገና በረዶ ነው። መጀመሪያ መሞቅ ያለበት ልብ ነው። ስለዚህ የጋለ ማንኪያ መሳይ ብረት ደረቷ ላይ ያስቀምጡ ነበር። እንስሳቷ ትነሳለች፤ ደረቷ ግን ይቃጠላል።

ይህ ቃጠሎ ያንገበገበው አንድ ሰው እዚያው ተቋም ነበር፦ ጄምስ ላቭሎክ። በኋላ ምድርን እንደ አንድ ሕያው ሥርዓት በሚያየው የጋያ ሐሳቡ ዓለም ያወቀው ሰው ነው። ላቭሎክ «ለምን ከውስጥ አናሞቃትም?» ብሎ ማግኔትሮን ፈልጎ መሣሪያ ሠራ። በ1955 ከሰርቢያዊው ራዶስላቭ አንጁስ ጋር ሆኖ፣ የሰውነታቸው ሙቀት ከ0 እስከ 1 ዲግሪ የወረደ አይጦችን በማይክሮዌቭ ማስነሳታቸውን በፊዚዮሎጂ መጽሔት አሳተሙ። ልብ በሉ፦ ኩሽና ማይክሮዌቭ በየቤቱ ከመግባቱ በፊት፣ አንድ ሰው ለአይጥ የሚሆን ማይክሮዌቭ ሠርቷል፤ ሊያበስላት ሳይሆን ሊያድናት። መነሻው ደግሞ ትልቅ ቲዎሪ አልነበረም። የእንስሳቱ ደረት መቃጠሉ አላስተኛው አለ፤ በቃ።

ወደ ካንሰሩ ስንመለስ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የክሊቭላንድ ክሊኒክ ቀዶ ሐኪም ጆርጅ ክራይል (ልጅየው) ቀላልና ብልህ ሙከራ አደረገ። የአይጥ እግር ላይ ዕጢ አበቀለ፤ እግሯን ብቻ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከረ። ዕጢው ሞተ፣ እግሩ ተረፈ። እግርን የመረጠው ለምን እንደሆነ ገባችሁ? ውሃ ውስጥ መንከር የምትችለው እሱን ስለሆነ ነው። መሣሪያው ሳይንሱን ወሰነው ማለት ነው። ለዓመታት ስለ ሙቀትና ስለ ዕጢ ካወቅነው ብዙው የመጣው ከአይጥ እግር ነው። የሰው ካንሰር ግን እግር ላይ አይደለም የሚበቅለው፤ ጉበት፣ ፊኛ፣ ቆሽት ውስጥ ነው።

በዚያው ዘመን ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ላይ አርተር ጋይ የሚባል መሐንዲስ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፦ ማይክሮዌቩ ገብቶ የት ያርፋል? ያኔ ውስጡን የሚያይበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ሥጋና ስብን የሚመስል ሰው ሠራሽ ቁስ ሠርቶ፣ መሃል ለመሃል እንዲከፈል አደረገው። ለጥቂት ሰከንድ በብርቱ ኃይል ያሞቀዋል፣ ፈጥኖ ይከፍተዋል፣ የውስጡን ፊት በኢንፍራሬድ ካሜራ ያነሳዋል። በ1971 ያሳተመው ይህ ዘዴ ሙቀትን በዓይን እንድናይ ካደረጉን የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። የታየውም ሐኪሞቹን አላስደሰተም፤ በሰፊው የሚጠቀሙበት 2.45 ጊጋኸርዝ ስቡን እያሞቀ ጥልቁን ሥጋ ሳያዳርስ የሚቀር ሆኖ ተገኘ። ለሰው ዝቅ ያለ ፍሪኩዌንሲ፣ ለምሳሌ 915 ሜጋኸርዝ፣ ይሻላል ተባለ።

በ1975 ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ስለ ሙቀትና ጨረር የካንሰር ሕክምና የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ። ተስፋው ሰማይ ነካ። የእንስሳቱ ውጤት ግሩም ነበር፦ ሙቀት ከጨረር ጋር ሲጣመር ዕጢ ይቀልጣል። ኩባንያዎች ተቋቋሙ፣ ሆስፒታሎች መሣሪያ ገዙ። ከዚያ በ1980ዎቹ በአሜሪካ ቆዳ አጠገብ ባሉ ዕጢዎች ላይ ትልቁ ሙከራ ተደረገ። ጨረር ብቻ ካገኙት ዕጢው ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸው 30 በመቶ፣ ጨረርና ሙቀት ካገኙት 32 በመቶ። በቃ፣ ልዩነት የለም! ብዙ ሰው ሃይፐርተርሚያን ቀበረው።

ታዲያ አይጦቹ ዋሹ? አልዋሹም። ሐኪሞቹ ወደ ኋላ ተመልሰው ሲመረምሩ ትንንሾቹ ዕጢዎች ላይ ጥቅም ነበረ፤ ትልልቆቹ ላይ ግን አልነበረም። ምክንያቱ ሙቀቱ አለመድረሱ ነው። «ሞቋል» ተብሎ የተመዘገበው ዕጢ ውስጥ ብዙው ክፍል አልሞቀም። መድኃኒቱ አልተሰጠም፤ መድኃኒቱ ግን ተወቀሰ።

እዚህ ላይ ቁጥር ላምጣ፤ ያለ ቁጥር አይገባም። በ1984 ስቲቨን ሳፓሬቶና ዊልያም ዱዌይ የሙቀት መጠን መለኪያ አወጡ፤ ከተመሠረተባቸው መረጃዎች ዋናው የተገኘው ከሃምስተር ሴሎች ነው (ሃምስተሯ እንደገና መጣች!)። ሕጉ እንዲህ ነው፦ 43 ዲግሪን መነሻ አድርግ። ከሱ በላይ አንድ ዲግሪ በጨመርክ ቁጥር የሚያስፈልገው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ከሱ በታች አንድ ዲግሪ በቀነስክ ቁጥር ጊዜው በአራት ይባዛል። ስለዚህ በ43 ዲግሪ 60 ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ፣ በ44 ዲግሪ 30 ደቂቃ ነው፣ በ42 ዲግሪ 4 ሰዓት፣ በ41 ዲግሪ 16 ሰዓት። አያችሁ? ቴርሞሜትርህ በአንድ ዲግሪ ከሳተ የሰጠኸው መድኃኒት የአራት እጥፍ ስህተት ሊኖረው ይችላል። የትኛው ኬሞ ነው በአራት እጥፍ እየተሳተ የሚሰጠው? ለዚያ «ሙቅ ውሃ ጠጡ» ለሚለው ጽሑፍም መልሱ እዚሁ ነው። የጠጣችሁት ሻይ ጉሮሯችሁን አልፎ ሰውነታችሁን 43 ዲግሪ አያደርሰውም። ቢያደርሰው ደግሞ በሕይወት አትቆዩም።

ሙቀት በትክክል ሲሰጥ ምን ይሆናል? በ2000 የታተመው የሆላንዶቹ ሙከራ 358 በሽተኞችን ይዞ ነበር። ማኅፀን ጫፍ ካንሰር ካለባቸው ውስጥ ጨረር ብቻ ያገኙት በሦስት ዓመት 27 በመቶ፣ ጨረርና ሙቀት ያገኙት 51 በመቶ በሕይወት ነበሩ። እነዚህ ቁጥሮች እናቶች ናቸው፣ እህቶች ናቸው። ደግሞም ሙቀቱ ጨረሩን አገዘው እንጂ አልተካውም።

እንግዲህ ትንሿ መሣሪያ የምትገባው እዚህ ነው። ሙቀት ከየትኛው ኬሞ፣ ከየትኛው የመከላከል አቅም ሕክምና ጋር እንደሚስማማ ሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት በአይጥ መታየት አለበት። በእግር ላይ ብቻ ሳይሆን ዕጢው እውነት በሚበቅልበት ቦታ። አይጥን በማይክሮዌቭ ማሞቅ ደግሞ ሰውን ከማሞቅ ይከብዳል። «ትንሽ ናት፣ ቀላል ነው» የሚል ሰው አይጥ ይዞ አያውቅም።

እስቲ እናስላ። አንዲት የላቦራቶሪ አይጥ 25 ግራም አካባቢ ናት። አንድ ግራም ሥጋን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 3.5 ጁል ያህል ይበቃል፤ ስለዚህ መላ አይጧን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 88 ጁል። አንድ ዋት ኃይል ሰውነቷ ውስጥ ቢገባና የሚወጣ ሙቀት ባይኖር በደቂቃ ተኩል ገደማ አንድ ዲግሪ ትወጣለች፤ በአሥር ደቂቃ ወደ ሰባት ዲግሪ፤ ሞታለች ማለት ነው። አንድ ዋት! የእጅ ባትሪ ነው እኮ። ለሰው የተሠራ ማሞቂያ ብታስጠጋባት ዕጢውን ሳይሆን አይጧን ነው የምታሞቀው።

ሁለተኛው ችግር የሞገድ ርዝመት ነው። 915 ሜጋኸርዝ ጡንቻ ውስጥ የሞገድ ርዝመቱ አራት ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ከአይጧ ወገብ ይሰፋል። 2.45 ጊጋኸርዝ ግን 1.7 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። አርተር ጋይ ለሰው አይሆንም ያለው ፍሪኩዌንሲ ለአይጥ ተመራጭ ሆነ። ጥልቅ አለመግባቱ ሰው ላይ ጉድለት ነበር፤ አይጥ ላይ ጸጋ ነው፤ ከዕጢው አልፎ አከርካሪዋን አይቆላም። አንድ ነገር እዚህ ቦታ ጉድለት፣ እዚያ ቦታ ጥበብ ሲሆን ማየት የምህንድስና ትልቁ ደስታ ነው።

ግን አሁንም አንቴናው መተለቁ አልቀረም። ክብ ዌቭጋይድ ብትሠሩ፣ ውስጡ አየር ከሆነ 2.45 ጊጋኸርዝ እንዲያልፍበት ዲያሜትሩ ከ7 ሴንቲሜትር በላይ መሆን አለበት፤ መላ አይጧን ይውጣታል። ውስጡን በውሃ ብትሞሉትስ? ውሃ ሞገዱን ዘጠኝ ጊዜ ያህል ያሳጥረዋል፤ ዲያሜትሩ ወደ 8 ሚሊሜትር ይወርዳል። ውሃው ሌላም ሥራ አለው፦ ሞገዱ ከመሣሪያው ወደ ሥጋ ሲሻገር ተመትቶ እንዳይመለስ ድልድይ ይሆናል፤ እየተዘዋወረም ቆዳዋን ያቀዘቅዝላታል። አንድ ውሃ ሦስት ሥራ። በ2012 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአይጥ ፊኛን ብቻ ለይቶ የሚያሞቅ እንዲህ ያለ ጥቃቅን የ2.45 ጊጋኸርዝ መሣሪያ አሳተሙ። የአይጥ ፊኛ ምን ያህል ናት? ሽንብራ በሉት።

ቀጣዩ ጥያቄ፦ መሞቋን በምን ታውቃለህ? የብረት ሽቦ ያለው ቴርሞሜትር ማይክሮዌቭ ውስጥ ራሱ አንቴና ይሆናል፤ ይሞቃል፣ ይዋሻል። በ1976 ሮናልድ ባውማን ሽቦዎቹ ሞገዱን በማይስቡ በከፍተኛ ሬዚስታንስ ቁስ የተሠሩ ቴርሞሜትር አወጣ። ቀጥሎ በብርሃን ክር የሚሠሩት መጡ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ የሚነግሩህ ግን የአንዲት ነጥብን ሙቀት ነው። ደግሞ ሽንብራ ለምታክል ፊኛ መርፌ ስትወጋ የምትለካውን ነገር አበላሸኸው።

መፍትሔው ከማይጠበቅ ቦታ መጣ። በ1966 ጄ. ሲ. ሂንድማን የሚባል ኬሚስት የውሃ ሃይድሮጅን መግነጢስ ውስጥ የሚሰጠው ፍሪኩዌንሲ ከሙቀት ጋር በትንሹ እንደሚለዋወጥ ለክቶ ነበር። በአንድ ዲግሪ ከመቶ ሚሊዮን አንድ እጅ። ማን ይጠቀምበታል? ለ30 ዓመት ገደማ ተቀመጠ። በ1995 ኢሺሃራና ባልደረቦቹ ይህንኑ በኤምአርአይ አስገብተው የሙቀት ካርታ አወጡበት። 7 ቴስላ በሆነ የእንስሳት ኤምአርአይ ውስጥ ልዩነቱ በዲግሪ 3 ኸርዝ ነው። ይህችን 3 ኸርዝ ከ300 ሚሊዮን ኸርዝ ውስጥ ለይቶ፣ አይጧን ሳይነኩ፣ የውስጧን ሙቀት በየጥቂት ሰከንዱ በካርታ ማየት ይቻላል። አርተር ጋይ ፋንተሙን ቆርጦ ያየውን ዛሬ ሕያው እንስሳ ሳይቆረጥ እናያለን።

ታዲያ መሣሪያው አሁን ሁለት ጌታ አለበት። ማይክሮዌቩን መላክ አለበት፤ ኤምአርአዩን ደግሞ መረበሽ የለበትም። ብረት አይገባም፤ መዳብ፣ ነሐስ፣ ፕላስቲክ ብቻ። የኃይል ምንጩ ከክፍሉ ውጭ ይቀመጣል፤ ኬብሉ ረጅም ነው፣ በየሜትሩ ኃይል ይበላል። አይጧ ትተነፍሳለች፣ ልቧ በደቂቃ መቶዎች ጊዜ ይመታል፣ ምስሉ ይናወጣል። ስብ ደግሞ ለዚህ የሙቀት ንባብ መልስ አይሰጥም። ማደንዘዣው ራሱ ሰውነቷን ያቀዘቅዛል። በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፑኒት ፕራካሽ ቡድን በዚህ ላይ ዓመታት ሠርቷል፤ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያሞቅ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ የ2.45 ጊጋኸርዝ ማሞቂያ መጀመሪያ በኮምፒውተር ነድፎ፣ ቀጥሎ በፋንተም ፈትኖ፣ ከዚያ ኤምአርአይ ውስጥ በትንንሽ እንስሳት አይቶታል። ፋንተም ስላችሁ ምንም ውድ ነገር አይደለም፦ አጋር፣ ውሃ፣ ጨው፣ ስኳር። ጨው ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ያደርገዋል፤ ስኳር የውሃውን ባሕርይ ወደ ሥጋ ያወርደዋል። አገር ቤት ያላችሁ መምህራን በኩሽና ዕቃ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ1978 ያትቪንና ባልደረቦቹ ሲሞቅ የሚፈታ ሊፖዞም አስተዋወቁ፤ ኬሞ የያዘ የስብ ከረጢት ማለት ነው፤ ደም ውስጥ ተዘግቶ ይዞራል፣ የሞቀ ዕጢ ጋ ሲደርስ ይከፈታል። ግሩም ሐሳብ! በኋላ ዱክ ላይ በሰከንዶች የሚከፈት ተሠራ፣ በአይጦች ላይ አስደናቂ ሆነ። ከዚያ 701 የጉበት ካንሰር በሽተኞች ላይ ተሞከረ፤ በ2013 ግቡን አልመታም ተባለ። ሐኪሞቹ መረጃውን ሲበትኑት ሙቀቱ ለሁሉም በሽተኛ እኩል ጊዜ እንዳልተሰጠ አዩ፤ ረዘም ላለ ጊዜ በተሞቁት ላይ የተሻለ ነገር ያለ መሰላቸው። ያንን ብቻ ለይቶ የፈተነው ሁለተኛው ሙከራም በ2020 አልተሳካም። እኔ ከዚህ የምወስደው «ሙቀት አይሠራም» የሚለውን አይደለም። ስንት ዲግሪ፣ ስንት ደቂቃ፣ የትኛው የዕጢ ክፍል የሚለውን በትንሿ እንስሳ ላይ በካርታ ሳናውቅ ወደ ሰው ስንሮጥ፣ ሲወድቅም ለምን እንደወደቀ አናውቅም። በአንድ ጥይት ሁለት ነገር እናጣለን፦ በሽተኞቹንም፣ ትምህርቱንም።

ለአይጧም ዕዳ አለብን። ለሳይንስ የሞተች እንስሳ፣ ሙቀቷ በትክክል ካልተለካ፣ በከንቱ ነው የሞተችው። በ2013 በሮዝዌል ፓርክ የካንሰር ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙትን ብነግራችሁ ትደነግጣላችሁ፦ የላቦራቶሪ አይጦች የሚኖሩበት ክፍል 22 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለኛ ይመቻል፣ ለአይጥ ግን ብርድ ነው። 30 ዲግሪ አካባቢ የኖሩት አይጦች ዕጢያቸው በዝግታ አደገ፣ የመከላከል አቅማቸውም በረታ። የክፍሉ ሙቀት ብቻ ውጤቱን ይለውጠዋል! እንግዲህ ስለ ሙቀት ሕክምና የሚያጠና ሰው የአይጧን ቤት ሙቀት ካልጻፈ ምን አጠና?

ልጆቼ፣ ይህን ያህል ያስረዘምኩት ለአንድ ነገር ነው። ከእናንተ ብዙዎቹ ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ ማሽን ትጠግናላችሁ፣ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ውስጥ ስማችሁ መጨረሻ ላይ የሚጻፍ ቴክኒሻን ናችሁ፣ ቴሌ ውስጥ አንቴና ትሰቅላላችሁ። አንዳንዴ «እኛ እኮ መሣሪያ ሠሪዎች ነን፣ ሳይንቲስት አይደለንም» ስትሉ እሰማለሁ። ከላይ ያለውን ታሪክ መልሳችሁ ተመልከቱት። ሐሳቡ ከ1866 ጀምሮ ነበር። የጎደለው ሐሳብ አልነበረም፤ የሚያደርስ እጅና የሚያይ ዓይን ነው። ማግኔትሮኑ፣ በውሃ የተሞላው ቱቦ፣ የማይዋሸው ቴርሞሜትር፣ 3 ኸርዝ የሚለየው ኤምአርአይ፣ እነዚህ በመጡ ቁጥር ነው ሕክምናው አንድ እርምጃ የሄደው። በጎደሉ ቁጥር ደግሞ ጥሩ መድኃኒት በስህተት ተቀብሯል።

50 ኦም ላይ ማዛመድን ሳስተምራችሁ «ይሄ ምን ይጠቅማል?» የሚል ነበረ መቼም። ሳይዛመድ ሲቀር ኃይሉ ተመትቶ ወደ ምንጩ ይመለሳል፤ ጄኔሬተሩ ላይ 10 ዋት ያነበበው ተማሪ አይጧ ውስጥ የገባው 3 መሆኑን አያውቅም። ማስታወሻው ላይ 10 ይጽፋል፣ ጽሑፉ ይታተማል፣ ሌላው እሱን ያምናል፣ መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ያልሞቀ ሕክምና ታገኛለች። ለዚያ ነበር።

በዚህ ሙያ ላይ ያላችሁ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ከሥር ጨምሩበት፤ ጥያቄ ያላችሁም ጠይቁ፣ እንደ ድሮው አምሽቼ እመልሳለሁ። ያንን የሙቅ ውሃ ጽሑፍ የላከላችሁ ሰው ካለ ደግሞ ሳትሰድቡት ይህን ላኩለት።

ቸር ሰንብቱ።